ይድረስ ለክቡር የመክፈቻ ንግግር

ጉዳዩ፦ ለስፖርት የላቀ አስተዋጽኦ ላደረጉ ሰዎች ለሚሰጠው አገር አቀፍ ሽልማት እርስዎን ስለመጠቆም

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅም። ባለፈው ቅዳሜ በሽልማቱ አዳራሽ አይቼዎታለሁ፤ ከታዳሚው ሁሉ ጤነኛው እርስዎ ነበሩ።

የጥሪ ወረቀቱ 8 ሰዓት ይላል። የክብር እንግዳው የገቡት 9 ከሩብ ላይ ነው። እርስዎም በእሳቸው የደረት ኪስ ውስጥ ተጣጥፈው አብረው ገቡ። ተጣጥፈው ሲያዩዎት የአንድ ገጽ ሰው ይመስሉ ነበር፤ ሲዘረጉ አሥራ አንድ ሆኑ።

እኔ የሩጫ ወዳጅ ስለሆንሁ ሰዓት መያዝ ልማዴ ነው። «ክቡራንና ክቡራት» ብለው ተነሥተው እንግዶቹን በየማዕረጋቸው ጠርተው ሳይጨርሱ፣ ቀነኒሳ በቀለ በ1996 ዓ.ም. ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትር የሮጠበት 12 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ አለፈ። ቀጥለው «ስፖርት ለሰው ልጅ ያለው ፋይዳ» ወደሚለው ገቡ። ይኸው ቀነኒሳ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 25 ዙር ሮጦ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሷል። እርስዎ በዚያው ደቂቃ ገና ከጥንታዊት ግሪክ አልወጡም ነበር።

የታሪኩን ክፍል ባይነኩት ምን ነበረበት? «ጀግናው አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ» ሲሉ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ አሰልጣኝ ጎንበስ ብለው «በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ላይ ነው፤ ቶኪዮ ጫማ ነበረው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሮም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፤ ዓመቱ ሊያልቅ በዚያች ምሽት፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት መንገድ ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። ቶኪዮ ደግሞ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ሁለት ወር አልሞላውም። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመና ሁለተኛው እስኪመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ ስለተረፈው ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። የሙዚቃ ጓዱ የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላወቀው የጃፓንን መታ። ተሳስቷል፤ ነገር ግን እንደ እርስዎ ተሳስቶ አላረዘመም።

«በመጨረሻም» ሲሉ አዳራሹ ተነቃቃ። እኛ የምናውቀው ደወል ከተደወለ አንድ ዙር እንደቀረ ነው። ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በመጨረሻው ዙር ማርሽ ሲቀይር ዓለም አይቷል፤ ሁለት ወርቅም ይዞ ተመልሷል። እርስዎ ግን «በመጨረሻም» ያሉት አራት ጊዜ ነው፤ በአራቱም ጊዜ የተቀየረው ገጽ ብቻ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ «ባለድርሻ አካላት» እንደ አዲስ ከመነሻው ተሰለፉ።

ሲጨርሱ ሰዓቴ የያዘው 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው። ዮሚፍ ቀጀልቻ በ2017 ዓ.ም. ቫሌንሲያ ላይ ግማሽ ማራቶኑን በ57 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ስለጨረሰ ቀድሞዎታል። አይዘኑ፤ እሱ አሯሯጮች ነበሩት፣ እርስዎ ግን ብቻዎን ነው የሮጡት። ማንም አልተከተለዎትም።

አሁን ስለ ሽማግሌው ልንገርዎት፤ በአሥራ አንዱም ገጽዎ ውስጥ ስማቸው አልነበረምና። ሠላሳ ዓመት ያህል የገጠር ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። የሚያሠለጥኑበት ሜዳ ከልጆቹ ቀድሞ ላሞች የሚሰማሩበት ነው፤ ሰዓት መያዣውን የገዙት ከደመወዛቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሚያፈራ በቆጂን ማየት ይበቃል፤ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኗቸው ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን የታወቀ ስም የላቸውም። ለዚያ ቀን የወንድማቸውን ኮት ተውሰው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው መጡ።

እርስዎ ወርደው ሲቀመጡ የፕሮግራም መሪው «ጊዜ ስለገፋን ተሸላሚዎች በጋራ ወደ መድረክ ይውጡልን» አለ። አሥራ አራት ሰዎች ተጋፍተው ወጡ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ወረዱ። ሽማግሌው መድረክ ላይ የቆዩት 20 ሰከንድ ነው፤ የዩሴን ቦልትን የ200 ሜትር ክብረ ወሰን ለጥቂት ሳቱት። ወንበራቸው ላይ ሲመለሱ የምስክር ወረቀቱን ከፈቱት። «ለወይዘሮ» ብሎ ይጀምራል፤ የአንዲት የመረብ ኳስ ተጫዋች ነው። እሳቸው አጥፈው ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተቱትና «ተጫዋቿን ፈልጌ እሰጣታለሁ» አሉ። የእርሳቸው ማን ጋ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ክቡር ሆይ፣ እጩ ያደረግሁዎት በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። አራት መቶ ሰው ያለ ውኃ አስቀምጠው ጽናት አስተምረዋል። ለአገር የሮጡትንም ሁሉ በየተራ ቆርጠው አልፈዋል። ጭብጨባው የደመቀው «አመሰግናለሁ» ባሉ ጊዜ ቢሆንም፣ ጭብጨባ ጭብጨባ ነው፤ በማስረጃነት ይያዝልዎታል።

ሽልማቱን ለመቀበል ሲወጡ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ፤ የምስጋና ንግግር አያድርጉ። ሽማግሌውን ወደ ከተማቸው የሚወስደው የመጨረሻው መኪና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፤ ባለፈው ጊዜ አምልጧቸው እኔ ቤት ነው ያደሩት።

ከሠላምታ ጋር
ከመጨረሻው ረድፍ

ግልባጭ፦
ለፕሮግራም መሪው፣ እንዲያውቀው
ለጀነሬተሩ፣ እንዲያስብበት