እጅሽ ይባረክ ቲቸር

ትናንት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 11 ሰዓት ድረስ፣ ልጄ ከምትውልበት የሕጻናት ማቆያ 47 ፎቶ በቴሌግራም ደረሰኝ። ቆጥሬያቸዋለሁ። ማሂ ገና 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያለው ፎቶ 3 ነው፤ አንዱ የመታወቂያ፣ አንዱ የሠርግ፣ አንዱ ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳው። ልጄ በአንድ ቀን አያቷን 15 እጥፍ በለጠችው። አገር ማደግ ማለት ሌላ ምን መሰላችሁ?

ስለዚህ ይህቺን ጽሑፍ ለምስጋና አውላታለሁ።

ማቆያውን ያገኘነው እንዲሁ በቀላሉ አይደለም። ባለቤቴ 120 ቀኗን ጨርሳ ሥራ ገባች፤ እኔም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለአባት የቆረሰልኝን 3 ቀን በሚገባ ተጠቅሜበታለሁ (ሁለቱን እንግዳ ሳስተናግድ፣ አንዱን ተኝቼ)። ማሂ ሁለት ዓመት እስኪሞላት አያቷ ያዘችልን፤ ጉልበቷ እምቢ ሲል ፍለጋ ወጣን።

መጀመሪያ የሄድንበት ቤት ፎርም አወጡልን። ምን ምግብ አይስማማትም? ከእናንተ ሌላ ማን ነው ሊወስዳት የሚችለው? የሚወስዳትን ሰው መታወቂያ ኮፒ አምጡ። አጎቷ ቢመጣ እንኳ ስሙ ካልተጻፈ አንሰጥም አሉን። ልጅ ልናስውል ነው የመጣነው እንጂ ከጉምሩክ ዕቃ ልናስለቅቅ ነው እንዴ? ወጣን።

ሁለተኛው ይብሳል። ሞግዚቷ ጀርባዋን ሰጥታ ነው ያናገረችን። እውነቴን ነው፤ ፊቷን ወደ ልጆቹ አድርጋ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ሁሉም በሚታዩባት ጥግ ቆማ፣ እኛን በጆሮዋ ብቻ ታስተናግዳለች። ደግሞ በየመሃሉ ወሬውን አቋርጣ በጣቷ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጫጩት የምትሸጥ ነው የምትመስለው። አምስት ልጅ አምስት መሆኑን ለማወቅ ስንት ጊዜ ይቆጠራል? አንዱ ልጅ መጋረጃ ጀርባ ገብቶ ዝም ሲል፣ ዓረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ ጥላን ሄደች። ባለቤቴ ተቀየመች። እኔም ነገሩ ደስ አላለኝም።

ሦስተኛው ቤት ገና በሩ ላይ ልባችንን ወሰደው። ግድግዳው ላይ አንገት የሌለው ሚኪ ማውስ አለ፤ ዋይፋይ አለ፤ ዳይሬክተሯ የጠየቀችን ጥያቄ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፦ «ቴሌግራም ላይ ናችሁ?»

ነን።

ማቆያ የሚለው ስምም ደስ ይለኛል። ልጆቹ እዚያ ይቆያሉ ነው የሚለው፤ ይጠበቃሉ የሚል ነገር አልወጣውም።

በፎቶዎቹ ላይ አንድ ነገር ገርሞኝ ነበር። ከ47ቱ በአንዱም ቲቸር የለችም። መጀመሪያ ደነገጥሁ፤ ኋላ ገባኝ፤ ካሜራው ወዲህ ናት። እግዜርም እንዲሁ ነው፤ አይታይም እንጂ በሁሉም ቦታ አለ። አንድ ቲቸር ለ19 ልጅ። ቁጥሩን ያገኘሁት ከቡድን ፎቶው ነው፤ ሦስት ጊዜ ቆጥሬ አንዴ 18 መጣልኝ፤ አንዱ ልጅ ሁልጊዜ ከፎቶው ጠርዝ እየወጣ ነው። እንግሊዝ አገር ሕጉ ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ 3 ልጆች አንድ ሰው፣ 2 ዓመት ሞልቷቸው 3 ላልሞላቸው ደግሞ ለ5 ልጆች አንድ ሰው ይላል። ሀብታም አገር ሰው ያባክናል። እኛ ዘንድ ከ3 ሰው በላይ እንዳይጫን የተከለከለው ባጃጅ ነው፤ አቶቴ ሰፈር ላይ ትራፊክ አራተኛውን ካየ ፊሽካ ይነፋል። ለቲቸር ግን ፊሽካ የሚነፋባት የለም።

ባለፈው ወር የአንዱ ልጅ ልደት ተከበረ። 80 ፎቶ! ፈንዲሻው እንደ በረዶ ወርዷል፣ ፊኛው ተነፍቷል፣ ከረሜላ በየእጁ። አዋቂ ነን ባዮች ፈንዲሻ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፣ መንጋጋው ገና ስለሆነ አላምጦ አያደቀውም ይላሉ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ የትንፋሽ ቱቦ ላይ እንደ ክዳን ይገጠማል ይላሉ። ከሶፍት ጥቅልል መሃል ያለችዋን ካርቶን ውሰዱና ሞክሩ፤ በእሷ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ 3 ዓመት ላልሞላው ልጅ እጅ አይግባ ይላሉ። ታዲያ ልደቱ በምን ይድመቅ? በጎመን? ደግሞ ልብ በሉ፣ ጉሮሮው ጨርሶ የተዘጋ ልጅ አያስልም፣ አያለቅስም፣ ድምፅ አያወጣም። ስለዚህ ፎቶ ድምፅ ስለሌለው የቀረብን ነገር የለም።

አንድ ቀን ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀደም ብዬ በ9 ሰዓት ደረስሁ። አንድ ወንድ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ከወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ከጠረጴዛው መስኮቱን ሊይዝ ይንጠራራል። ቲቸር ሮጠች። ሰነፍ ናት የሚላት ካለ ምስክር ነኝ፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሮጣለች። ስልኳ ቻርጅ ላይ ነበር። ይዛ ስትመለስም «እንዳትነቃነቅ የኔ ጌታ፣ እዚያው ቁምልኝ» አለችው። ከዚህ በላይ የጥንቃቄ መመሪያ ከየት ይምጣ?

ያን ቀን የማሂ ክንድ ላይ የጥርስ ምልክት ነበር፤ ከላይ አራት፣ ከታች አራት።

«ማን ነከሳት?» አልኳት።

ቲቸር ስልኳን ከፍታ ከጠዋት ጀምራ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። «የማሂ አባት፣ ስትነከስ የተነሳ የለም» አለችኝ።

አመስግኜ ወጣሁ። ማስረጃ ከሌለ ክስ የለም።

እሷን ብቻ ማመስገን ግን ግፍ ነው። ወላጆች ባንተጋ ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር። ጠዋት 4 ሰዓት ሲሆን ግሩፑ ይሞቃል። «የእኔዋ ዛሬ አልታየችም።» «ቲቸር፣ ብርሃን ባለበት በኩል አድርጊልን።» «ሳቅ በል በዪው እስኪ፣ አያቱ አሜሪካ ሆና እያየች ነው።» እኔም ከስብሰባ መሃል ጠረጴዛ ሥር ስልኬን ደብቄ የጻፍኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ቲቸርም ሁልጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትመልሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ ግማሽ ቀን ዋለች። ወለል ላይ ከልጆቹ ጋር ተቀምጣ ነበር አሉ። ግማሹን ቀን የወደቀ የለም፣ የተነከሰ የለም፣ አንድ ፎቶም የለም። ሁለት ወላጆች በባጃጅ ከነፉ፤ አንዷ ልጄን አስወጣለሁ አለች፤ እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ደወልሁ። ዳይሬክተሯ ይቅርታ ጠየቀችን። ከዚያ ወዲህ የቲቸር ስልክ ከአንገቷ በገመድ ተንጠልጥሏል።

ወደ ትናንት ልመለስ። 46ኛው ፎቶ ላይ ማሂ አሻንጉሊት አቅፋ ትስቃለች። ቆንጆ ናት፤ እናቷን ነው የምትመስለው። ከኋላዋ ባልዲ አለ። ውኃ ስለሚጠፋ ሞልተው ያስቀምጡታል። ትንሽ ልጅ 5 ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ውኃ ውስጥ፣ ያውም ሳይንቦጫረቅ ሊሰምጥ ይችላል የሚል ነገር የሆነ ቦታ አንብቤያለሁ፤ ግን የባልዲው ቀለም ከማሂ ቀሚስ ጋር እንዴት እንደሄደ ብታዩ! ፎቶውን አጎላሁት። ከባልዲው አፍ ወዲህ ሁለት እግር ይታያል። ጫማው ሰማያዊ ነው። ጣቶቹ መሬት አልነኩም።

«የማን ልጅ ነው ከኋላ ያለው?» ብዬ ግሩፑ ላይ ጻፍሁ።

ዝም። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ደቂቃ። ሁለት። አንዲት እናት «የኔ አቤል ዛሬ ፎቶ የለውም እንዴ?» አለች።

በአራተኛው ደቂቃ 47ኛው ፎቶ መጣ። ሰማያዊ ጫማ ያደረገ ልጅ፣ ፀጉሩና ሸሚዙ ረጥቦ፣ አፉን ከፍቶ፣ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አይለይም። የጽዳት ሠራተኛዋ እጅ ብብቱ ሥር ገብቶ ይዞታል፤ ፊቷ ተቆርጧል። ከሥሩ «የውኃ ጨዋታ ጊዜ!» ይላል።

31 ሰው ልብ ተጭኗል። 32ኛው እኔ ነኝ።