ላም አለኝ በደመና

የከተማ አስተዳዳሪዎችን የሚያማ ሰው ምን እንደጎደለበት አይገባኝም። ከዋና ከተማ ርቃ የተቀመጠችን ከተማ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ በአንድ መቀስና በሦስት ሜትር ሪባን «የቴክኖሎጂ መናኸሪያ» ማድረግ የሚችል ሌላ ማን አለ? አውቶቡስ የማይቆምባት መናኸሪያ ብትሆንም መናኸሪያነቷማ በባነር ተረጋግጧል። ሙያ በልብ ነው ይሉ የነበሩት አያቶቻችን ባነር የሚባል ነገር ስላላዩ ነው፤ አይፈረድባቸውም።

እስቲ የሌላውን ሞኝነት እዩልኝ። የስዊድኗ ስቶክሆልም በ1994 እ.ኤ.አ. ስቶካብ የተባለ የራሷን ኩባንያ አቋቁማ ፋይበር የሚሉትን፣ ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያደርስ ገመድ ስትቀብርና ለፈለገ ሁሉ ስታከራይ ኖረች። በአሜሪካዋ ቻታኑጋ ደግሞ የከተማዋ የመብራት ድርጅት በየቤቱ ፋይበር ዘርግቶ በ2010 በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚሮጥ ፈጣን ኢንተርኔት ማቅረብ ጀመረ። ያሳዝናል። ያ ሁሉ ገንዘብ ከስንት ድካም ጋር አፈር ገባ! የተቀበረ ገመድ ፎቶ አያምርበትም። በዚያ ጊዜ ስንት የመግባቢያ ሰነድ በተፈረመ ነበር።

የእኔዎቹ ጀግኖች ግን ከሰነድ ይጀምራሉ፤ በሰነድም ይጨርሳሉ። ባለሀብት ሲመጣ አበባ ይሰጠዋል፣ ቪዲዮ ይታይለታል። ሰውየው ግን ክብር አያውቅም መሰለኝ፤ መሬቱ በነፃ ነው እየተባለ እሱ ስለ ገመድ ይጠይቃል።

«ወደ ከተማዋ የሚገባው ፋይበር ስንት መስመር ነው?»

«ሁለት ነው ጌታዬ።»

«በተለያየ መንገድ?»

«ኧረ በአንድ ቦይ! ወንድማማች ምን ያለያየዋል?»

ይህን ፍቅር የሚያደንቅ ጠፋ። እስካቫተር የውሃ ቧንቧ ሊቀብር መጥቶ ቦዩን ሲነካው ሁለቱም እኩል ይበጠሳሉ፤ አንዱ ሌላውን ጥሎ አይቀርም። መንገዱ አንዴ ሲቆፈር ውሃውም መብራቱም የገመድ ቱቦውም አብሮ ይቀበር የሚሉ ቸኳዮች አሉ። አስፋልቱ በፈሰሰ በወሩ ተመልሶ ካልተቆፈረ መሥሪያ ቤቶቻችን በምን ይተዋወቃሉ?

ደግሞ «99.9 በመቶ አገልግሎት» የሚሏት ነገር አለች። ሲሰላ በዓመት 9 ሰዓት የማይሞላ መቋረጥ ብቻ ነው የምትፈቅደው። እኛ እሷን አንድ ማክሰኞ ቢሮ ሲከፈት ጀምረን ሲዘጋ እንጨርሳታለን። ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» ሲባል ምንም ሳይል ይመለሳል፤ እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ ደግሞ በጊጋቢት አይገኝም። ስለ መብራቱ አታንሱብኝ፤ ጄኔሬተር አለ፣ ናፍታውም በሚቀጥለው በጀት ይታያል።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል አሉ። ይሩጥ። ጎረቤቴ የሌላ የኢንተርኔት ኩባንያ ደንበኛ ነው፤ በኢንተርኔት ስደውልለት በከተማችን ኔትወርኮች የሚገናኙበት የልውውጥ ማዕከል ስለሌለ ድምፄ አጥሩን ለመሻገር ዋና ከተማ ደርሶ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ባሕር ያቋርጣል። እኔ የተከለከልኩትን ቪዛ ድምፄ አገኘው።

አስተዳዳሪዎቻችን መረጃው የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የት ነው ሲባሉ «ክላውድ ላይ» ይላሉ። ክላውድ ማለት ደመና ነው። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ቀድሞ ገብቶት ኖሯል፤ ወተቷን ያላየው ሲስተም ስላልነበረ ይሆናል።

ባለፈው ቅዳሜ የዳታ ማዕከሉ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ሁለተኛው መሆኑ ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ሣር በቅሎበታል። እኔ ከቤቴ በቀጥታ ስርጭት እከታተል ነበር። እስካቫተሩ በጭብጨባ ታጅቦ የመጀመሪያውን አፈር ዛቅ ሲያደርግ፣ ክቡር አስተዳዳሪው «እንኳን ደ...» እንዳሉ ምስሉ ቀጥ አለ። አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ።