ፖስታው እስኪከፈት ድረስ

አሥረኛ ክፍል ሳለን የፊዚክስ መምህራችን ድንጋይ በክር አስረን እንድናወዛውዝ አዘዙን። የመሬትን ስበት ልንለካ ነው። አራት ነበርን። አንዱ ክሩን ያዘ፣ አንዱ ውዝዋዜውን ቆጠረ፣ አንዱ ሰዓት ተመለከተ፣ እኔ ጻፍኩ። 9.1 መጣ። መጽሐፉ የሚለው 9.8 ነው። ማንም ምንም አላለም። ላጲሱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የክሩን ርዝመት ትንሽ ጨመር አደረግሁት። 9.8 ሆነ። ከአሥር አሥር አገኘን።

ከፌርሚላብ ዜና በሰማሁ ቁጥር ያ ላጲስ ትዝ ይለኛል።

ፌርሚላብ አሜሪካ ውስጥ ከቺካጎ በስተምዕራብ፣ ባታቪያ በምትባል ከተማ አጠገብ ያለ ብሔራዊ የቅንጣት አፋጣኝ ላቦራቶሪ ነው፤ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን እያፈጠነና እያጋጨ ያጠናል። በኤፕሪል 2021 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ትልቅ ዜና አሰምቶ ነበር። ሚዩኦን የሚባለው ቅንጣት ንድፈ ሐሳቡ ከሚለው ትንሽ ለየት ብሎ ይወዛወዛል አለ። ልዩነቱ ከጸና እስካሁን የማናውቀው ቅንጣት ወይም ኃይል አለ ማለት ነው። ጋዜጦች ተቀባበሉት። በጁን 2025 የመጨረሻው ልኬት ወጣ። የተለካው ቁጥር አልተናወጠም፤ እንዲያውም ከበፊቱ በብዙ ጠርቷል። የተለወጠው የንድፈ ሐሳቡ ስሌት ነው። ስሌቱ ሲታደስ ወደ ልኬቱ ተጠጋ፤ ያ ሁሉ የተወራለት ልዩነትም ሟሟ።

"ታዲያ ምን አገኙ?" ብለው የጠየቁኝ ወዳጆች አሉ። ይህን ያህል ዓመት ለፍተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ አድርጎ የሚያየውም ጥቂት አይደለም። እኔ በዚህ አልስማማም። ላቦራቶሪው እስከዛሬ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ በጣም የማከብረው ይህንኑ ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብኝ።

ቦታው የተመሠረተው በ1967 ነው። ዌስተን የምትባል መንደር የነበረችበት 6,800 ኤከር ሜዳ ተሰጠው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሮበርት ዊልሰን የዋዮሚንግ ተወላጅ ናቸው። ፊዚክስም ይሠራሉ፣ ቅርጻ ቅርጽም ይቀርጻሉ። ግቢው ውስጥ የአሜሪካ ጎሾች አስገብተው ነበር፤ መንጋው ዛሬም አለ።

በኤፕሪል 1969 ዊልሰን ኮንግረስ ፊት ቀረቡ። ለሥራው 250 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል። ሴናተር ጆን ፓስቶሬ ጠየቋቸው፤ ይህ ማሽን ከአገር ደህንነት ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ ወይ? ዘመኑን አስቡት። ከሶቪየት ጋር ፉክክሩ የጦፈበት ጊዜ ነው። የሚያዋጣው "አዎ" ማለት ነበር። ዊልሰን "የለም" አሉ። ሴናተሩ ደግመው ጠየቁ፤ በጭራሽ? በጭራሽ አሉ። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው መልስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሥራ የሚገናኘው እርስ በርስ ከመከባበራችን፣ ከሰው ልጅ ክብር፣ ከባህል ፍቅራችን ጋር ነው አሉ፤ ጥሩ ሠዓሊዎች፣ ጥሩ ቀራጮች፣ ታላላቅ ገጣሚዎች ነን ወይ ከሚለው ጋር። አገራችንን ከመከላከል ጋር ግን በቀጥታ አይገናኝም፣ ልንከላከልላት የሚገባ አገር እንድትሆን ከማገዝ በቀር።

ሰው ከዚህ ንግግር የሚወደው መጨረሻውን ነው። እኔን የሚገርመኝ መጀመሪያ ላይ ያለው "የለም" ነው። የተፈለገው መልስ አፋቸው ላይ ተቀምጦላቸው ነበር። ላጲሱ እጃቸው ላይ ነበር።

ገንዘቡ ተገኘ፣ ሥራው ተጀመረ፣ ችግሩም አብሮ መጣ። ዋናው ቀለበት ዙሪያው 6.3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሺህ በላይ ማግኔቶች ተደርድረውበታል። በ1971 ከእነዚህ ውስጥ 350 ያህሉ ተበላሹ። ዋሻው እርጥብ ነበር፣ ኤሌክትሪኩ እየሾለከ ማግኔቶቹን ያቃጥላቸዋል። ይህ አልበቃ ብሎ ቅንጣቶቹ የሚሮጡባቸው ቱቦዎች ውስጥ የብረት ፍርፋሪ ቀርቷል። ቱቦው ለሰው እጅ አይበቃም።

መፍትሔ ሆና የመጣችው ፌሊሺያ ናት። ፌሬት የምትባል፣ ሙጭልጭላ የመሰለች ቀጭን እንስሳ። ከሚኒሶታ በ35 ዶላር ተገዛች። አንገቷ ላይ ማሰሪያ አደረጉላት፣ ማሰሪያው ላይ ክር አሰሩ፣ ከዚያ አጠር ያለ ቱቦ ውስጥ ለቀቋት። ጨለማና ጠባብ ቀዳዳ ለእሷ ቤቷ ነው፤ በዚህ ገብታ በዚያ ወጣች። ሰዎቹ በክሩ ጫፍ በማጽጃ የተነከረ ጨርቅ አስረው ሳቡ። ፍርፋሪው ከጨርቁ ጋር ወጣ። ዋናው ቀለበት ግን ረዘመባት፣ እምቢ አለች። ለዚያኛው በአየር ግፊት የሚነዳ መሣሪያ ሠሩለት። በማርች 1972 ጨረሩ የታቀደለት 200 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ ደረሰ። ላቦራቶሪው ፌርሚ የሚለውን ስም ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ለፊዚክስ ሊቁ ለኤንሪኮ ፌርሚ መታሰቢያ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በ1976 የፊዚክስ ሊቁ የሊዮን ሌደርማን ቡድን አዲስ ቅንጣት ያየ መሰለው። የኤሌክትሮን ጥንዶችን እየቆጠሩ ሳለ 6 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ቁጥሩ ተከመረ። በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ከሃምሳ አንድ ያህል ነው ብለው ገመቱ። ኡፕሲሎን የሚል ስም አዘጋጅተው ጻፉት። ተጨማሪ መረጃ ሲሰበስቡ ክምሩ ጠፋ። የሥራ ባልደረቦቻቸው "ኡፕስ-ሊዮን" አሉት። "ኡፕስ" እኛ ስንሳሳት "ውይ!" እንደምንለው ነው።

ሌደርማን አልደበቁትም። መሣሪያውን አሻሽለው በሚዩኦን ጥንዶች እንደገና ጀመሩ። ሜይ 20 ቀን 1977 ሌሊት እሳት ተነሳ። የገመዶቹ ላስቲክ ሲቃጠል ክሎሪን ወጣ። ክሎሪኑ እሳት ለማጥፋት ከተረጨው ውኃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ሆነና ኤሌክትሮኒክሱን መብላት ጀመረ። ሌደርማን ከእሳት የተረፈ ዕቃ በማዳን የሚታወቅ አንድ ሆላንዳዊ ባለሙያ አስጠሩ። እሱ ባመጣው ማጽጃ 900 ያህል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች በእጅ ታጠቡ። ፕሮፌሰሩ፣ ቴክኒሻኑ፣ ጸሐፊዋ፣ ሚስቶቻቸው ሳይቀሩ ተሰልፈው ያጥባሉ። እንደ ሠርግ ቤት ሳህን አጠባ ነው የምስለው። በሳምንቱ ሙከራው ተነሳ።

በዚያው ወር ከ9.5 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት አጠገብ አዲስ ክምር ብቅ አለ። ይኸኛው መረጃው በጨመረ ቁጥር ጎላ እንጂ አልጠፋም። ጁን 30 ቀን ለሕዝብ ተነገረ። ኡፕሲሎን የሚለውን ስም እንደገና ሰጡት። ከፕሮቶን አሥር እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ውስጡ ያለው ደግሞ አምስተኛው ኳርክ፣ "ቦተም" የሚባለው ነበር (ኳርኮች ፕሮቶንን የመሳሰሉ ቅንጣቶች የሚሠሩባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ናቸው)። እኔ ሳስበው ሁለተኛው ኡፕሲሎን የታመነው የመጀመሪያው በግልጽ ስለተሰረዘ ነው። "ውይ" ለማለት የማይሰንፍ ሰው "አገኘሁ" ሲል ይሰማል።

ይህ ልማድ ቀጠለ። ስድስተኛው ኳርክ "ቶፕ" በሚታደንበት ጊዜ ላቦራቶሪው ቴቫትሮን የሚባለውን ማሽን ገንብቶ ነበር። በ1983 ሥራ የጀመረ፣ ማግኔቶቹ በፈሳሽ ሂሊየም የሚቀዘቅዙ ትልቅ ማሽን ነው። (ለዚያ የተገዛው እጅግ ብዙ የማግኔት ሽቦ ኢንዱስትሪውን አሳድጎት ዛሬ ኤምአርአይ ለምንነሳባቸው ማሽኖችም ጠቅሟል። ግን ለፊዚክስ ስከራከር ኤምአርአይን ብቻ መጥቀስ አልወድም።) በ1994 ሲዲኤፍ የተባለው ቡድን 12 ተስፋ ሰጪ ግጭቶች አየ። "ምልክት አለ" አለ እንጂ "አገኘሁ" አላለም። ዓለም እየጠበቀ ቃሉን ለአንድ ዓመት ያህል አቆየ። ማርች 2 ቀን 1995 ሲዲኤፍና ተፎካካሪው ዲዜሮ አብረው ቆመው ግኝቱን አሳወቁ። ቶፕ ኳርክ አንድ ሙሉ የወርቅ አቶም የሚጠጋ ክብደት አለው። ቴቫትሮን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2011 ተዘጋ። የማጥፊያውን ቁልፍ የተጫኑት ማሽኑን ከገነቡት መሪዎች አንዷ ሔለን ኤድዋርድስ ናቸው። ሲዲኤፍ ግን ተዘግቶም ይነጋገራል፤ በ2022 ደብሊው ቦዞን የሚባለው ቅንጣት ከተጠበቀው በላይ ይከብዳል ብሏል፣ በ2024 ከአውሮፓው ሰርን ላቦራቶሪ የወጣው ልኬት ደግሞ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ይስማማል። ይኼ ክርክር ገና አልተዘጋም።

ወደ ሚዩኦን እንመለስ። ሚዩኦን የኤሌክትሮን ታላቅ ወንድም በሉት፤ 207 ጊዜ ይከብዳል፣ ዕድሜው የሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት ያህል ብቻ ነው። እናቶቻችን ሲፈትሉ እንዝርቷን አይታችኋል? እየዞረች ሳለ ዘንጓ ራሱ ቀስ እያለ ክብ ይሠራል። ሚዩኦንም ማግኔት ውስጥ ሲገባ እንደዚያ ነው የሚሆነው። የውዝዋዜውን ፍጥነት በደንብ ከለካችሁ፣ በዙሪያው ብቅ ጥልቅ የሚሉ ቅንጣቶች ሁሉ ተጽዕኖ እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ።

መለኪያው ቀለበት ስፋቱ 15 ሜትር ነው። መጀመሪያ የነበረው ኒውዮርክ አጠገብ ብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ነው። እዚያ የተለካው ቁጥር ከንድፈ ሐሳቡ አልገጥም ስላለ፣ በ2013 ቀለበቱ ሳይፈታ ወደ ፌርሚላብ ተጓዘ። በጀልባ ፍሎሪዳን ዞሮ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ፣ መጨረሻ ላይ በትልቅ ተሽከርካሪ። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው። በጥቂት ሚሊሜትር ቢጣመም አለቀለት።

ከዚህ ሁሉ ግን ልቤን የነካው ሰዓቱ ነው። ውዝዋዜ የሚለካው በሰዓት ነው፤ ልክ እንደ እኛ ድንጋይ። ስለዚህ ሰዓቱ ትክክለኛ ፍጥነቱን እንዳይናገር ሆን ተብሎ ተዛባ። ምን ያህል እንደተዛባ የሚያውቁት ከቡድኑ ውጭ ያሉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው በፖስታ አሸጉት። ተመራማሪዎቹ ለዓመታት ሲያሰሉ፣ ሲያርሙ፣ ሲከራከሩ መልሱ ወዴት እንደሚሄድ አያውቁም። ቢፈልጉም መጎተት አይችሉም። ሁሉም ነገር ተጣርቶ "ከዚህ በኋላ አንነካም" ሲባል ነው ፖስታው የሚከፈተው። በፌብሩዋሪ 2021 በኮሮና ምክንያት በየቤታቸው ስክሪን ፊት ተሰብስበው ከፈቱት። ቁጥሩ ገባ። ከብሩክሄቨኑ ጋር ገጠመ።

ላጲስ የሌለበት ሙከራ ማለት ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፣ ሌባም አልነበሩም። ሰው ሲመኝ ዓይኑ እንደሚያዳላ አውቀው ራሳቸውን አሰሩ።

በ2025 የወጣው የመጨረሻ ቁጥር የስህተት መጠኑ ከቢሊዮን 127 ነው። ከአዲስ አበባ መቀሌ ያለውን መንገድ ለክቶ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ስህተት እንደመናገር ነው። የንድፈ ሐሳቡ ስሌት የተቀየረውም ከዚህ በፊት የወጡት ልኬቶች ባመጡት ጫና ጭምር ይመስለኛል። አስቸጋሪው ክፍል ኳርኮችን አንድ ላይ የሚይዘው የጠንካራው የኑክሌር ኃይል ድርሻ ነው። የድሮው ስሌት ከሌሎች ሙከራዎች በተሰበሰበ መረጃ ይሠራ ነበር። በ2023 ከሩሲያዋ ኖቮሲቢርስክ የመጣ ልኬት ከዚያ መረጃ ጋር አልስማማ አለ። በሌላ በኩል ቦታንና ጊዜን እንደ መረብ ከፋፍለው በሱፐርኮምፒውተር የሚያሰሉ ቡድኖች በርትተው መጡ። የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንቱ በ2025 የደረሱበት ስምምነት የእነዚህን ቡድኖች መንገድ ተከተለ። ልዩነቱ የሟሟው እዚያ ላይ ነው። የድሮውና የአዲሱ ስሌት ለምን እንደተለያዩ ደግሞ አሁንም እየተሠራበት ነው።

ልኬቱን የሠሩት ሰዎች አዲስ ኃይል ቢያገኙ ደስ እንደሚላቸው አልጠራጠርም። ስማቸው ታሪክ ላይ ይጻፍ ነበር። ያም ሆኖ የወጣውን ቁጥር ወጣ ብለው አስረከቡ። "ምን አገኙ?" ለሚለኝ የምመልሰው፣ ከአሁን በኋላ ስለ ሚዩኦን የሚጻፍ ማንኛውም ንድፈ ሐሳብ ሊያልፍበት የሚገባ በር አግኝተዋል እላለሁ። አዲስ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ከዚያ ቁጥር ጋር ይፋጠጣል።

አገር ቤት ፊዚክስ የምታስተምሩ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቅንጣት አፋጣኝ የለንም፤ ድንጋይና ክር ግን አለን። በሚቀጥለው ጊዜ ተማሪዎቻችሁን ድንጋይ ስታስወዛውዙ ትክክለኛውን የክር ርዝመት እናንተ ብቻ ያዙት። ለእያንዳንዱ ቡድን ሆን ብላችሁ ያዛባችሁትን ቁጥር ስጡ፣ እውነተኛውን በፖስታ አሽጉት። ስሌቱ በእስክሪብቶ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ክፈቱት። 9.1 ይዞ የመጣ ቡድን ካለ ሰዓቱን ነው ወይስ ቆጠራውን የሳትነው ብሎ ይፈልግ። ፈልጎ ከጻፈ፣ ከአሥር አሥር ስጡት።