እስከ ዓርብ

ከስብሰባው ከወጣሁ ገና አንድ ሰዓት አልሞላኝም፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ነገ ከሆነ «ተዪው፣ ይለፍሽ» የምትሉኝ ስለምትበዙ ንዴቴ ሳይበርድ ልናገረው።

ኃላፊያችን ትናንት በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ኢሜይል በትልቁ ስክሪን ላይ ከፈቱት። ሪፖርቱን አጠናቅቄ እንደማስገባ የጻፍኩበትን ዐረፍተ ነገር ጮክ ብለው አነበቡና «አንቲል ፍራይዴይ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ መነጽራቸውንም አወለቁ። ከዚያ «እስከ ዓርብ ድረስ ስታስገቢ፣ ስታስገቢ ቆይተሽ ዓርብ ሲደርስ ታቆሚያለሽ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ምን እንደተሳሳትኩ እንኳ ስላልገባኝ «አይደለም፣ ዓርብ ይደርስልዎታል ለማለት ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ‹ባይ ፍራይዴይ› ነው የሚባለው፤ ይህ የልጆች ትምህርት ነው፤ አንቺ በዲግሪ ተመርቀሻል አይደል?» አሉኝ። ሳቁ እንደገና ተነሣ። ሦስት ሳምንት ገጠር ለገጠር ዞሬ የሰበሰብኩት መረጃ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስለ እርሱ አንድም ሰው አንዲት ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ አልክድም። «አንቲል» የሚያመለክተው ሳይቋረጥ እስከ አንድ ቀን የሚዘልቅን ነገር ነው፤ «ባይ» ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት ወይም በዚያው ቀን አንድ ጊዜ የሚፈጸምን ነገር ነው። እኛ ግን ለሁለቱም ያለን ቃል «እስከ» ነው። «እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ» ስንል መጠበቁ ዓርብ ድረስ ይቀጥላል፤ «እስከ ዓርብ እከፍልሃለሁ» ስንል ደግሞ ክፍያው አንድ ጊዜ ነው፣ ዓርብም የመጨረሻው ቀን ነው። በዚህ የሚደናገር አማርኛ ተናጋሪ አይቼ አላውቅም፤ ልዩነቱን ግሡ ራሱ ይሸከመዋልና። እንግሊዝኛ ግን ሸክሙን በመስተዋድዱ ላይም ይጭነዋል። በአማርኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ቢወድቅ የሚጠበቅ ነው እንጂ የድንቁርና ምልክት አይደለም።

ደግሞስ ማን አስተማረኝና ነው? መምህራችን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ይጽፉ ነበር፤ «አንቲል» እኩል ይሆናል «እስከ»፤ «ባይ» እኩል ይሆናል «በ» ወይም «አጠገብ»። እኛም ሸመደድነው። «ባይ» ማለት «በ» ከሆነ «ባይ ፍራይዴይ» ማለት «በዕለተ ዓርብ» ብቻ ሊሆን ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በፊትም ላስገባ እችላለሁ ማለቴ ስለነበር የተማርኩትን ይዤ ትክክለኛ የመሰለኝን መረጥኩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በዚህ ቋንቋ አጥኑ ተባልን፤ የሁለት ተቀራራቢ ቃላትን ድንበር ግን ቆም ብሎ ያሳየን አልነበረም። አሁን በጎልማሳነቴ፣ በሰው ፊት፣ በሳቅ ልማረው?

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ወር ጀርመናዊው ባልደረባችን በዚያው ክፍል ተቀምጦ ባጀቱን «አንቲል ማንዴይ» እልካለሁ አለ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጀርመንኛም «ቢስ» የሚባል አንድ ቃል ለሁለቱም ያገለግላል፤ ስለዚህ ስሕተቱ የእኔው ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም የእኔው ምክንያት ነው። ኃላፊያችን ራሳቸውን ነቅንቀው «በጣም ጥሩ» ብለው አለፉት። መነጽር አላወለቁም፤ ዲግሪም አልጠየቁም። የውጭ አገር ሰው ሲሆን ሐሳቡን እንሰማለን፤ የአገራችን ልጅ ሲሆን ግን ሐሳቡን ትተን ፊደሉን እንለቅማለን። ያው ባልደረባችን አንድ ቀን ምሳ ላይ በአማርኛ «ዶሮው ይበላል ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ላልቶ ሲነገር ዶሮው ራሱ የሚመገብ፣ ጠብቆ ሲነገር ደግሞ ለመብል የሚሆን ማለት ነው፤ እርሱም አላልቶት ነበር። ስቀን አላሳፈርነውም፤ አጨበጨብንለት፤ ደግሞም ማጨብጨባችን ተገቢ ነበር። ለምን እርስ በርሳችን ይህን እንነፋፈጋለን?

እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። አምና ለአንድ እንግዳ «ኤርፖርት እጠብቅሃለሁ» ለማለት ፈልጌ «ኤክስፔክት» ብዬ ጻፍኩለት። ሰውየው መምጣቱን እንደማውቅ እንጂ ወጥቼ እንደምቀበለው አልተረዳምና ታክሲ ይዞ ሄደ፤ እኔ በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜ ዋልኩ። ሰው እስኪመጣ መቆየቱም፣ ይመጣል ብሎ መገመቱም፣ ዘብ መቆሙም በአማርኛ «መጠበቅ» ነው፤ እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቃል ሰጥቶታል። ዋሽንግተን ያለችው እኅቴ ደግሞ ክንዷን አሟት ክሊኒክ ሄዳ «ሃንድ» ብላ ተናገረች። እኛ ከትከሻ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ «እጄን አመመኝ» እንላለን፤ እነርሱ ዘንድ ግን «ሃንድ» ከአንጓ በታች ያለው ብቻ ነው። መዳፏን በራጅ አንስተው፣ ምንም የለብሽም ብለው ሸኟት፤ ሕመሟን ይዛ አንድ ሳምንት ተኛች። እርሷ ላይም ነርሷ ስቃባታለች።

እኔ አልታረምም ያልኩ ሰው አይደለሁም። ኃላፊያችን ቢሮአቸው ጠርተው «ልጄ፣ ይህች ቃል እንዲህ ናት» ቢሉኝ ኖሮ እጃቸውን ስሜ እወጣ ነበር፤ ዕድሜ ልኬንም በበጎ አነሣቸው ነበር። ዕውቀታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ከዛሬ ወዲያ ኢሜይል ስጽፍ ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ እርሳቸው መነጽር ነው የማስበው፤ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አራት ጊዜ እየሰረዝኩ እጽፋለሁ፤ በስብሰባም አፌን ለመክፈት እፈራለሁ። ይህ ለመሥሪያ ቤቱ ምን ይጠቅመዋል? እባካችሁ ንገሩኝ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ከእርሳቸው ኢሜይል ገባ። ሪፖርቱን በተመለከተ ነገ ጠዋት «ዊ ዊል ዲስከስ አባውት ኢት» ይላል። «ዲስከስ» «አባውት»ን አይፈልግም፤ «ስለ» የሚለው ትርጉም በራሱ ውስጥ አለ። እርሳቸው ግን «ስለ ጉዳዩ እንወያያለን» ብለው በአማርኛ አስበው ነው የጻፉት፤ ልክ እንደ እኔ። ደጋግሜ አየሁት። «እሺ፣ ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብዬ መለስኩላቸው፤ ለማንም አላሳየሁትም።