ራን ማለት መሮጥ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ይቺ የእንግሊዝኛ ግሥ «ራን» (run) አንጀቴን አቃጥላዋለች። «መሮጥ» ብለው አስተማሩን፣ በቃ፣ አለፉ። ሞተር ሲሠራ ራን፣ ድርጅት ማስተዳደር ራን፣ ለምርጫ መወዳደር ራን፣ ንፍጥ ሲወርድም ራን! ልብስ ሲታጠብ ቀለሙ ከለቀቀም ያው ራን ነው። «አውት» ስትከተላት ያለህ ነገር አለቀብህ ማለት ነው። «ኢንቱ» ከሆነ ከሰው ጋር ድንገት ተገናኘህ፤ «ኦቨር» ከሆነ ግን ሰውየውን በመኪና ገጨኸው። ኧረ በፈጠራችሁ! የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ለዚህ ግሥ 645 ትርጉም ቆጥሮለታል። ሁሉንም አስተምሩን አላልኩም። ግን እነዚህን የዕለት ተዕለቶቹን እንኳ ከነዓረፍተ ነገራቸው ለምን አይሰጡንም? ተማሪው እኮ «ራንን አውቃታለሁ» ብሎ መዝገበ ቃላት አይገልጥም።