ደቦ የጠራ ድግሱን ያዘጋጅ

ሰሞኑን እዚህ ባሕር ዳር ስለ አዲሱ የትምህርት ዘመን ለመነጋገር በተጠራ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ የትምህርት ኃላፊ የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ወላጆች በጉልበታቸውና በገንዘባቸው አጥር ያጠሩባቸው፣ ክፍል ያደሱባቸው ትምህርት ቤቶች ችግራቸውን በራሳቸው የፈቱ ስለሆኑ የዘንድሮው የጥገና በጀት ወደ ሌሎች ይዛወራል አሉ። ሁሉን ነገር ከመንግሥት መጠበቅ ጠባቂነት እንደሆነ፣ አባቶቻችንም በደቦ ያርሱና ያጭዱ እንደነበር ጨምረው አስታወሱን። ከአዳራሹ ግማሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን አላነሣሁም።

ደቦን ካነሡ በደቦ እንነጋገር። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ደቦ ሲጠራም ሲበላም አይቻለሁ። ደቦ የጠራ ገበሬ ቤት ሥራው የሚጀምረው አጫጆቹ ማሳ ከመድረሳቸው ከብዙ ቀን በፊት ነው። ጌሾው ይወቀጣል፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ሴቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጋግሩ ያድራሉ። ማጭድ ሳይዝ ለመጣ ማጭድ ይፈለግለታል። ማሳውን ያረሰው፣ ዘሩን የዘራው፣ አረሙን የነቀለው ጠሪው ራሱ ነው፤ ጎረቤት የሚመጣው የጎደለውን ጉልበት ሊሞላ እንጂ የጠሪውን ኃላፊነት ሊወርስ አይደለም። ድግስ ሳያዘጋጅ ደቦ የሚጠራ ሰው ምን እንደሚባል ኃላፊው አያጡትም። ወንፈልም ቢሆን ሥርዓት አለው፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለእኔ። ተራው ሲደርስ የቀረን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይረዳውም። አባቶቻችን የኖሩበት ደቦ ይህ ነው። ኃላፊው የነገሩን ደቦ ግን ጠሪው ከማሳው የጠፋበት፣ አጫጆቹ እህሉን ሰብስበው ሲጨርሱ “እንግዲህ ከእኔ ምንም አትፈልጉም” የሚባልበት ነው። እንዲህ ያለ ደቦ በጎጃምም ሆነ በጎንደር ተሰምቶ አይታወቅም።

እኛ ተራችንን ተወጥተናል። ልጄ በሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት ከጥር እስከ ግንቦት ቅዳሜያችንን ሰጥተናል። በርና መስኮት በመበየድ የሚተዳደር አንድ አባት ማሽኑን በጋሪ አስጭኖ መጥቶ፣ እግራቸው ተገንጥሎ መጋዘን ውስጥ የተቆለሉትን ዴስኮች አንድ በአንድ ሲበይድ ዋለ። ማምሻውን ዓይኑ ቀልቶ፣ እንባው እየወረደ ነበር ወደ ቤቱ የሄደው። ጉልት የምትሸጥ እናት የቅዳሜ ገበያዋን ትታ ግድግዳ ስትቀባ ውላለች። ለጉልት ነጋዴ የቅዳሜ ገበያ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አቅም ያለው ወላጅማ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ከወሰደ ቆየ። እዚህ የቀረነው የቀን ሠራተኞች፣ ባጃጅ ነጂዎች፣ ዓሣ ቸርቻሪዎች፣ ደመወዛቸው ወር የማያደርሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ነን። ግብራችንን ከፍለን፣ መዋጮ አዋጥተን፣ በላዩ ጉልበታችንን ጨምረን ሰጠን። ታዲያ በሰው ጉልበት የሚገለገለው ማን ሆኖ ነው እኛ ጠባቂ የምንባለው?

ደግሞስ ምኑን ነው የፈታነው? የሴት ልጆችን መጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ሚያዝያ ላይ እኛው በዶማና በአካፋ ቆፈርነው። ግቢው ከጣና ሩቅ አይደለም፤ አፈሩ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው። ስንቆፍር ደረቅ ነበር። ዝናቡ ሲጠና ውኃው ከታች መነጨ፣ ሐምሌ ላይ ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞላ፣ ነሐሴ ላይ አንድ ጎኑ ተናደ። የወራት ልፋታችን ዛሬ እንቁራሪት የሚጮኽበት ኩሬ ሆኗል፤ ሕፃን እንዳይገባበት ዙሪያውን እሾህ አጥረንበታል። ውኃው ለመሬቱ ፊት በቀረበበት ቦታ የሚያስፈልገው ከመሬት ከፍ ብሎ በኮንክሪት የሚሠራ፣ ውኃ የማያስገባና የማያስወጣ፣ ሲሞላም በመኪና የሚመጠጥ ማጠራቀሚያ ነው። ይህ መሐንዲስ ይፈልጋል። ሲሚንቶና ብረት ይፈልጋል። በዶማ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ሺህ ወላጅ ቢሰለፍም አይመጣም። እስከዚያው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን የወር አበባቸው በመጣ ቁጥር ከትምህርት ገበታ ይቀራሉ። ችግራቸውን ፈቱ የተባለው ስለነዚህ ልጆች ነው።

በጀቱ ጠባብ መሆኑን፣ አብዛኛውም ለደመወዝ እንደሚውል አውቃለሁ። በጦርነቱ የፈራረሱ፣ በዳስ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ይቅደሙ ቢባልም አልከራከርም። የተባለው ግን እርሱ አይደለም። የተባለው ስለሠራችሁ ትቀራላችሁ ነው። የሠራን የሚቀጣ አሠራር ከዚህ የባሰ ምን አለ? ወሬው ገና ከአዳራሹ ሳይወጣ አጠገቤ የተቀመጡት አባት “ከርሞ የፈረሰውን እንደፈረሰ ነው የምናሳያቸው” ሲሉ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንደሚመድብ ሲደነግግ፣ ወላጅ አጥር እስኪያጥር ድረስ ብቻ አላለም። ከ2001 ወዲህ በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ለየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የድጎማ በጀትም ቢሆን የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አብሮ እንዲያቅድበትና እንዲቆጣጠረው የተደረገው ገንዘቡና ጉልበቱ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ነው። ከ2015 ጀምሮ “ትምህርት ለትውልድ” ተብሎ ሕዝብ ሲቀሰቀስም እኛ የሰማነው ከመንግሥት ጋር አብረን እንሥራ የሚለውን ነው። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይውጣ ያለን የለም። ኃላፊው ይህን አዲስ ሕግ ከየት አመጡት?

መሆን የሚገባው ግልብጡ ነው። ወላጅ አንድ ክፍል ካደሰ መንግሥት ሁለተኛውን ያድስ። ወላጅ ድንጋይና አሸዋ ካቀረበ መንግሥት ሲሚንቶና ባለሙያ ያቅርብ። ጉልበት የገባበት ትምህርት ቤት በጀቱ ሊጨመርለት እንጂ ሊቀነስበት አይገባም፤ እዚያ የሚወጣ ብር የሚጠብቀው ዓይን አለውና።

የእኛን በጀት ይመልሱልን። የተናደውን የምንደለድለው፣ አሸዋውን የምናቀብለው፣ ውኃ የምንቀዳው እኛው ነን፤ በያጁም ማሽኑን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል። ነገር ግን በዚህ አፈር ላይ የሚሠራው ሥራ ጊዜ አለው። ኅዳር ላይ መሬቱ ሲጠነክር ካልተጀመረ፣ ግንቦት ሳይገባ ካላለቀ፣ ክረምቱ መልሶ ይቀድመናል፤ ልጆቹም እስከ ሰኔ ድረስ የጎረቤት መጸዳጃ ሲለምኑ ይከርማሉ።