ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው የት ይደር?

ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣ ወይም ከባሕር ዳር እናት አባቱን ለትንሣኤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚልክ ልጅ ማረፊያ ሲይዝ ቀድሞ የሚያየው የሆቴሉን ኮከብ ነው። ለወላጅ የተሻለውን መሻት ያስመሰግናል። በሰሙነ ሕማማት ግን ከአሮጌው ከተማ ቅጥር ውስጥ ያለች፣ ወጥ ቤቷን ለእንግዳ የምትፈቅድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ከባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ትበልጣለች እላለሁ።

ቀዳም ሥዑርን ተመልከቱ። ዕለቱ የአይሁድ ሰንበት ስለሆነ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ምሽት በምዕራብ ኢየሩሳሌም አውቶቡሱም ቀላል ባቡሩም ይቆማል። ከቤን ጉሪዮን አየር ማረፊያ የሚመጣውም ባቡር እንደዚያው ነው። በዚያው ቀን ፖሊስ በጎልጎታ ለሚከበረው የቅዱስ ብርሃን ሥርዓት ሲል የአሮጌውን ከተማ በሮች ይቆጣጠራል፣ መተላለፊያዎችን ይዘጋል። ራቅ ያለ ሆቴል የያዘ ተሳላሚ ታክሲ ካላገኘ በእግሩ ይመጣል፣ ደርሶም በሩ ላይ ሊቀር ይችላል። ቅጥሩ ውስጥ ያደረውም ፍተሻ አያጣም፤ ከደጁ እስከ ዴር ሡልጣን፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ እስካለው የኢትዮጵያውያን ገዳም፣ ያለው መንገድ ግን አጭር ነው።

ምግቡም አለ። የእስራኤል ሆቴሎች ቁርስ እንቁላል፣ አይብ፣ እርጎና ዓሣ የሞላበት ነው፣ ሒሳቡም በአልጋው ዋጋ ውስጥ ይገባል። ሕማማትን የሚጾም ሰው የማይበላውን ይከፍላል፤ እሱ እህል በሚቀምስበት ሰዓት ደግሞ የቁርሱ ገበታ ከተነሣ ቆይቷል። በአንዳንድ ዓመት ሳምንቱ ከአይሁድ ፋሲካ ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ የአይሁድን የምግብ ሕግ በሚጠብቁ ሆቴሎች እርሾ የገባበት ዳቦ አይቀርብም፣ የአልጋ ዋጋም ይወጣል። ወጥ ቤት ባለበት ማረፊያ ግን ከቤት የተያዘ ሽሮና ድርቆሽ ለእናት ሙሉ ምግብ ነው። ስለዚህ ቁርስ የሌለበትን ዋጋ ጠይቁ፣ ምድጃና ድስት መኖሩንም በጽሑፍ አረጋግጡ።

የእነዚህ ቤቶች ጉድለት ግን ቀላል አይደለም። ወደ አብዛኛው የአሮጌው ከተማ ክፍል መኪና ስለማይገባ ሻንጣው ከያፎ በር ወይም ከደማስቆ በር ጀምሮ በድንጋይ ደረጃ በሰው እጅ ይጓዛል። ብዙዎቹ ሊፍት የላቸውም፤ መታጠቢያውም የጋራ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው የበር መዝጊያ ሰዓት ነው። በገዳማት የሚተዳደሩ ማረፊያዎች ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ በር የሚዘጉበት ልማድ አላቸው፤ በዴር ሡልጣን የትንሣኤው ሥርዓት ደግሞ ወደ ሌሊት ይዘልቃል። ለዚያች ሌሊት ቁልፍ ይሰጡ እንደሆነ ሳይጠይቁ መያዝ ሽማግሌን ውጭ ማሳደር ነው።

ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ሆቴል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ለደማስቆ በር የቀረበ ይሁን። ከቅጥሩ ውጭ ባለችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን፣ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ አካባቢ የያዘ ሰው እስከ በሩ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይሄዳል። በአይሁድ ሰንበት ሊፍቱ ቁልፍ ሳይነካ በየፎቁ እየቆመ እንደሚወጣ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ የማያውቅ ሰው ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል።

ሌላ አገርም ቢሆን ማረፊያው የራሱን ሥርዓት ይዞ ይጠብቃል። የጃፓን ባህላዊ ማረፊያ፣ ሪዮካን፣ ብዙ ጊዜ ዋጋው በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ እራትና ቁርስም ይጨምራል። እራቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ይቀርባልና በረራው የዘገየበት ሰው ከፍሎ ጾሙን ያድራል። ሾርባው ሁሉ ማለት ይቻላል በደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ስለሆነ ለጾመኛ የሚሻለው የኮያ ተራራ ነው፤ በዚያ እንግዳ የሚቀበሉ 50 ገደማ ቤተ መቅደሶች ሥጋም ዓሣም የሌለበት ማዕድ ያቀርባሉ። በጋራ ፍል ውኃው ወንድና ሴት ተለይተው ራቁታቸውን ይገባሉ፤ ንቅሳት ያለበትን ሰው የማያስገቡ ቤቶች ብዙ ስለሆኑ አንገቷን የተነቀሰች የጎጃም እናት ይዞ የሚሄድ ልጅ ለብቻ የሚያዝ መታጠቢያ ይፈልግ።

ክፍያው ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ለአገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ የኤቲኤም ካርድ ቁጥር አስገብቶ «ደርሼ እከፍላለሁ» የሚለውን የመረጠ ሰው ክፍሉን ያገኘ ይመስለዋል። ሆቴሉ ካርዱን ሞክሮ ካልሠራለት ቦታውን ይሰርዘዋል፤ መልእክቱም ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ይቀራል። ከባንክ ለውጭ አገር የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ማውጣት ይቀድማል። ትንንሾቹ ማረፊያዎች ብዙውን ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ትልልቆቹ ግን ሲገቡ የመያዣ ገንዘብ በካርድ ይጠይቃሉ።

ቀኑንም ጠንቅቁ። ማስያዣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 15:00 ተብሎ የተጻፈው መግቢያም በእኛ 9 ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ በፈረንጅ 10ኛው ቀን 03:00፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚያርፍ ከሆነ የሚያዘው የ9ኛው ቀን አልጋ ነው። የ10ኛውን የያዘ ሰው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ሌሊት እንግዳ ተቀባይ በሌለበት ትንሽ ማረፊያ ደግሞ በር የሚከፍትለትም የለም።